እሳቱ ያለበት ጎን

ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ሰው ሁሉ ከሳሎኑ በር ላይ አንድ ጊዜ ይደናገር ነበር፤ ከሁለቱ ሴቶች ለማን አስቀድሞ እጁን እንደሚዘረጋ አያውቅምና። ሁለቱም በአንድ ሶፋ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። በመስኮቱ በኩል ያለችው ኤልሲ አልደርሰን የሟቹ የኖርማን ታላቅ እህት ናት፤ ሰማንያ አንድ ዓመቷ፣ ረጅም፣ ደረቅ፣ ከዚህ የዮርክሻየር ሸለቆ ርቃ የሄደችው ሁለት ጊዜ ብቻ፣ ሁለቱንም ጊዜ ወደ ባሕር ዳርቻ፣ ሁለቱንም ጊዜ ዝናብ ያሳደዳት ሴት። በበሩ በኩል ያለችው ፊሊፓ ሚስቱ ናት፤ ሰባ አራት ዓመቷ፣ አጭር፣ ክብ፣ በሦስት አህጉር ያደገች የጦር መኮንን ልጅ፤ ከደቡብ መጥታ እዚህ አርባ ዓመት ብትኖርም ገበያ ውስጥ እስከ ዛሬ «እንግዳዋ» ይሏታል። ኤልሲ ሻይዋን እስኪጠቁር ታቆየዋለች፤ ፊሊፓ ቅጠሉ ከውሃው ጋር በቅጡ ሰላምታ ሳይለዋወጥ ትቀዳዋለች። በነዚህ ሁሉ ዓመታት የተስማሙበት ነገር ቢኖር ኖርማን ጥሩ ሰው መሆኑ ብቻ ነበር። እሱም አሁን በቀብር አስፈጻሚው ቤት ተኝቶ የሚመጣውን ሳምንት ሐሙስ ይጠብቃል።

ዕለቱ ማክሰኞ ነው፤ ከሞተ ሁለተኛ ቀኑ። መጋረጃዎቹ እስከ ግማሽ ተስበዋል። ጎረቤታቸው ሚስስ አይቨሰን ያመጣችውን ኬክ ከሌሎቹ አምስት ኬኮች አጠገብ አስቀምጣ፣ ወንበሯን ወደ ሶፋው አስጠግታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ከቤተ ክርስቲያን ስትመለሱ ነው አሉ ያገኛችሁት። አይ እናንተ! ለመሆኑ እንዴት ሆኖ ነበር?»

ፊሊፓ ሲኒዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ቀና ብላ ኤልሲን አላየችም፤ ኤልሲ ግን ለመመለስ አልቸኮለችም። ሻይዋን አንድ ጊዜ ፉት አለች።

«ቤቱ ጸጥ ብሎ ነበር» አለች በመጨረሻ። «ወንበሩ ላይ ነበር፤ ጋዜጣው ጭኑ ላይ። ሌላ የለም።»

«እንዲያው በሰላም ሄደ በሉኛ!»

«በሰላም» አለች ኤልሲ።

ቤቱ ጸጥ ብሎ እንዳልነበር ሁለቱም ያውቁ ነበር።

ኖርማን ጉልበቶቹ ከከዱት ወዲህ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ትቷል። «እኔን እግዚአብሔር ማድ ቤት ያገኘኛል» ይል ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን ጉልበቱ ደህና በነበረበት ዘመንም እሑድ ጠዋት ከምድጃው አጠገብ አይጠፋም። ባለፈው እሑድ ሁለቱ ሴቶች የመዝሙር መጽሐፋቸውን ይዘው ዳገቱን ሲወጡ የተቃጠለ ሥጋ ሽታ ከአጥሩ በር ተቀበላቸው። ፊሊፓ አጭር ብትሆንም ቀድማ ገባች። ማድ ቤቱ በጭስ ታፍኗል። የምድጃውን በር ከፍታ፣ ትሪውን በጨርቅ ይዛ አወጣችው፤ ሙዳው ከሰል ሆኗል። ያን ጊዜ ነው የጮኸችው።

«ኖርማን! ምን ነካህ አንተ ሰውዬ? አንጨረጨርከው እኮ! ለእሷ ብለህ ነው፣ አይደል? ዘንድሮስ ለይቶልህ ከእሷ ጋር ወገንክ!»

ትሪውን እንደያዘች፣ ጉዱን በዓይኑ እንዲያይ፣ ወደ ሳሎን ገባች። የከሰለውን ሥጋ ከፊቱ ዘርግታለት ቆመች። «እየው!» አለችው። ከዚያ በኋላ ነው እጁ እንዴት እንደተንጠለጠለ ያየችው። ዞር ስትል ኤልሲ ባርኔጣዋን ሳታወልቅ ከበሩ ላይ ቆማለች።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ፊሊፓ አንድ ነገር ብቻ ትጠብቃለች፤ ኤልሲ መቼ እንደምትናገር። ለአርባ ዓመት ባሏ የመጨረሻ የሰጠችው ቃል ስለ ሥጋ የወረደ እርግማን መሆኑን፣ እሱም ለሬሳ መሆኑን፣ ከእሷ ሌላ የምታውቅ አንዲት ሰው አለች፤ እሷም የምትኖረው ከአንድ ግድግዳ ማዶ ነው። ልጇ ጂሊያን ሰኞ ዕለት ከብሪስቶል እንደደረሰች «እማዬ፣ ከእኔ ጋር ትሄጃለሽ። ቤቱ ይሸጥ። አክስቴ ኤልሲም ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለው የአረጋውያን ቤት ውስጥ ጥሩ ክፍል ታገኛለች» ስትላት ፊሊፓ እንቢ ያላለችው ለዚህ ነበር። እሺም አላለችም። ነገር ግን በልቧ ሻንጣዋን ማዘጋጀት ጀምራለች፤ የሰማቻትን ሴት በየማለዳው እያዩ እንዴት ይኖራል?

ኖርማን አልደርሰን የከብት ጨረታ መሪ ነበር። ሥራው ሁለት የማይስማሙ ገበሬዎችን አንድ ዋጋ ላይ ማገናኘት፣ ከዚያም መዶሻውን አንስቶ «ሸጥኩ!» ብሎ መምታት ነበር። ገበያ ላይ ምላሱ እንደ ወፍጮ ይፈጥናል፤ ቤት ሲገባ ግን ቃል ከአፉ የሚወጣው ተለምኖ ነው። ፊሊፓን ለንደን በአንድ የከብት ትርኢት ላይ አግኝቶ፣ በስድስት ወር ውስጥ አግብቶ፣ እሱና እህቱ ከወላጆቻቸው እኩል ወደ ወረሱት ቤት አመጣት።

በመጀመሪያው እሑድ የበሬውን ጥብስ የሠራችው ኤልሲ ነበረች። ሙዳው ከምድጃ ሲወጣ ከውጭም ከውስጥም እንደ ጫማ ሶል ግራጫ ሆኗል። ፊሊፓ አንድ ቁራጭ አላምጣ፣ አላምጣ፣ በግድ ዋጠችና ፈገግ አለች።

«ይኼ ምስኪን ሁለት ጊዜ ነው የሞተው።»

«እኛ አገር ከብት ታርዶ ነው የሚበላው» አለች ኤልሲ። «በቁሙ አይደለም።»

በሁለተኛው እሑድ ፊሊፓ ሠራች፤ ለብ ለብ አድርጋ፣ ቢላዋው ሲገባ ቀይ ጭማቂ በሳህኑ ላይ እስኪንጣለል። ኤልሲ ሳህኗን በአንድ ጣት ገፋ አደረገችው።

«ኖርማን፣ የእንስሳት ሐኪሙን ጥራልን። ቶሎ ከደረሰ ይተርፋል።»

በሦስተኛው እሑድ ኖርማን ምንም ሳይናገር ሽርጥ ታጠቀ። ሁለቱንም ኮታቸውን አልብሶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ላካቸው፤ የማድ ቤቱንም በር ዘጋ። ሲመለሱ ገበታው ተሰናድቷል። እሱ ቆሞ ከአንዱ ጫፍ ለእህቱ ቆረጠላት፤ ቡናማ፣ እንደምትወደው። ሙዳውን አዙሮ፣ የወዲያኛውን ጫፍ ጠርዝ ለውሻው ጥሎ፣ ከውስጡ ለሚስቱ ቆረጠላት፤ ቀይ፣ እንደምትወደው። ከዚያም የቢላዋውን እጀታ በመክተፊያው ላይ አንድ ጊዜ አንኳኳ።

«ሸጥኩ!»

ከዚያ ወዲያ እሑድ እሑድ ከሁለቱ ሴቶች ማናቸውም ለምድጃው አልቀረቡም። ኤልሲ ወንድሟ የእናታቸውን አሠራር እንዳልተወ፣ ለሚስቱ ግን አዝኖ አንዷን ጥግ ጥሬ እንደሚያስቀርላት ታምን ነበር። ፊሊፓም ባሏ ካገባት ወዲህ ቁም ነገር እንደገባው፣ ለእህቱ ግን አዝኖ አንዷን ጥግ እንደሚያሳርርላት ታምን ነበር። እያንዳንዳቸው በገበታው ላይ ያሸነፉ መስሏቸው፣ ለተሸናፊዋ ሰናፍጩን በጨዋነት ያቀብሏት ነበር።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከብት ነጋዴው ሬጅ ፎሴት በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ታቅፎ መጣ። ለቅሶ ቤት ኬክ ይዞ የሚመጣ ሰው አይደለም።

«ከራሴ በሬ ነው» አለ፣ ሙዳውን እንደ ሕፃን ለፊሊፓ እያስረከበ። «እሑድን ያለ ሥጋ አትውሉም። ኖርማን ቢያይ ይቆጣኛል።»

የቤተ ክርስቲያናቸው ቄስም በዚያው ሰዓት ነበረች፤ ወጣት ሴት፣ ቀይ ጉንጭ ያላት፣ ለቀብሩ ንግግር ማስታወሻ የምትጽፍ። ስለ ትምህርቱ፣ ስለ ሥራው ጠይቃ ጨርሳለች።

«ከምግብ ምን ይወድ ነበር?» አለች።

«የበሬ ጥብስ» አሉ ኤልሲና ፊሊፓ እኩል። ኖርማን ከሞተ ወዲህ እኩል የተናገሩት ይኼ ብቻ ነበር።

«ጥሩ! እንዴት ያለ?»

«በደንብ የበሰለ» አለች ኤልሲ።

«ለብ ለብ ያለ» አለች ፊሊፓ።

ሬጅ ፎሴት ሳቀ። «ኧረ ተዉ! ገበያው ምግብ ቤት ሠላሳ ዓመት አብሬው በልቻለሁ። ኖርማን እንደ እኔ ነበር፤ ሹካ ሲነካው እምቧ የሚል ሥጋ ነበር የሚያዘው። ‹ሬጅ፣ ከአንተ ሌላ ሥጋ የሚያውቅ የለም› ይለኝ ነበር።»

የቄሷ እርሳስ በአየር ላይ ቆመ። ጉንጮቿ ይበልጥ ቀሉ።

«እንግዲህ… ባለፈው ዓመት እኔ ቤት እራት በልቶ ነበር። እኔ ሥጋ አልበላም። ምስር ነበር ያቀረብኩለት። ሁለት ጊዜ አስጨምሮ፣ ‹እኔም ከድሮ ጀምሮ ለሥጋ እምብዛም ግድ የለኝ› አለኝ።»

ሬጅ የግድግዳውን ሰዓት ማየት ጀመረ። ኤልሲ ከንፈሯን ጠበቅ አደረገች። ፊሊፓ ሥጋውን እንደታቀፈች ተነስታ ወደ ማድ ቤት ሄደች፤ ቅዝቃዜው በቀሚሷ በኩል ዘልቆ ሆዷን ነካት። ከጓዳው መደርደሪያ ላይ ካስቀመጠችው በኋላ እንኳ ወዲያው አልተመለሰችም።

ከሳሎን የሚመጣው ሹክሹክታ ይሰማታል። ሰዎቹ ያወሩት ስለ አንድ ሰው ነበር፤ እሷ የሰማችው ግን ስለ አራት ነው። አብራው ወደ ቱርክ ሄዳለች፤ ወደ ፖርቱጋል ሄዳለች፤ በየሄዱበት «አንተ ምን ትበላለህ?» ስትለው «አንቺ ያዘዝሽውን» ይላት ነበር። ይህን ሁሉ ጊዜ ፍቅር ነው ብላ ስታስበው ኖራለች። ፍቅርም ነበር። ነገር ግን አንድ ሰው የሚወደውን አንድም ጊዜ ሳይነግርሽ ከሞተ፣ ባል የሞተባት ሴት ነኝ ብለሽ የምታለቅሺው ለማን ነው?

እሑድ ጂሊያን «ሁለታችሁም አርፋችሁ ተቀመጡ፣ ዛሬ እኔ ነኝ የምሠራው» አለች። ጂሊያን ጎበዝ ናት። ሥጋውን በመጽሐፍ እንደተጻፈው በጨውና በቁንዶ በርበሬ አሽታ፣ ሰዓቱን መዝግባ፣ በየሃያ ደቂቃው ትሪውን አሽከረከረችው፤ አሮጌው የከሰል ምድጃ በአንድ በኩል ይበልጥ እንደሚግል አውቃለችና። ሙዳው ሲወጣ ሽታው መልካም ነበር። የኖርማን ወንበር ባዶውን ስለሆነ ጂሊያን በራሷ ቦታ ተቀምጣ ቆረጠች፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት፣ ቀይም ያልሆነ፣ ቡናማም ያልሆነ፣ እንደ ታጠበ ልብስ የደበዘዘ ሥጋ ወጣ።

ኤልሲ ቁራጩን በሹካዋ ገለበጠችው።

«ደም አለው።»

«ደም?» አለች ፊሊፓ። «ከዚህ ውስጥ ደም ያገኘሽ እንደሆነ ሐኪም ነሽ። እንጨት ሆኗል እኮ!»

«ኖርማን እናታችን እንደምትሠራው ነበር የሚሠራው።»

«ኖርማን በሚገባ ነበር የሚሠራው። ለአንቺ ጠርዙን ያሳርርልሽ ነበር እንጂ!»

«ለእኔ? ለአንቺ ነው ጥሬውን የሚያስቀርልሽ! ወንድሜ አዛኝ ስለነበረ!»

«እሺ» አለች ጂሊያን፣ ቢላዋውን አስቀምጣ። «እሺ። አባዬ ራሱስ? እሱ የትኛውን ነበር የሚበላው?»

ፊሊፓ ለማየት ሞከረች፤ ቆሞ ሲቆርጥ፣ ድንቹን ሲያዞር፣ መረቁን ሲያፈስ፣ ሁሉ ከተሰጠው በኋላ በመጨረሻ ሲቀመጥ አየችው። ሳህኑን ግን ማየት አልቻለችም። እሱ መብላት ሲጀምር እነሱ ጨርሰው ስለሚነታረኩ ሳህኑን አንድም ቀን ልብ ብላ አላየችውም።

«አያችሁ?» አለች ጂሊያን፤ ዓይኖቿ እንባ ሞልተዋል። «እንኳን ቤት፣ አንድ ሙዳ ሥጋ አብራችሁ መብላት አትችሉም። መሐል ላይ እሱ ነበር የቆመው። አሁን የለም። የቤት አሻሻጩ ነገ ጠዋት ይመጣል፤ ቀጥሬዋለሁ። እማዬ፣ እስቲ አንድ ነገር በይ። ከእሷ ጋር ብቻሽን እዚህ መኖር ትፈልጊያለሽ?»

ፊሊፓ ኤልሲን አየቻት። አሁን ነው፣ አለች በልቧ። አሁን ትናገራለች። ‹እናትሽ ለአባትሽ ሬሳ ምን ብላ እንደጮኸችበት ልንገርሽ› ትላለች።

ኤልሲ አፏን በፎጣ ጠረገች፤ ተነሳች፤ የራሷንና የፊሊፓን ሳህን ደራርባ ወደ ማድ ቤት ገባች። ፊሊፓም ትሪውን ይዛ ተከተለቻት።

አንዷ ታጥባለች፣ አንዷ ታደርቃለች፤ የዚህ ቤት ሕግ ነው። ፊሊፓ በትሪው ውስጥ የቀረውን ስብና መረቅ በሸክላ ሳህን ገልብጣ ጓዳው ውስጥ ካለው ቀዝቃዛ ድንጋይ ላይ አኖረችውና ተመለሰች። ትሪውን በሽቦ መፈግፈግ ጀመረች። በቀኝ በኩል ቆርቆሮው ወዲያው ነጣ። በግራ በኩል ግን ጥቁሩ አልነቃነቅ አለ። ፈገፈገች። እጇን እስኪያማት ፈገፈገች።

«የባለፈው እሑድ ቃጠሎ ነው» አለች፤ ድምፅዋ ተሰበረ። «አለቅም አለ።»

«የባለፈው እሑድ አይደለም» አለች ኤልሲ። «የቆየ ነው። እሱ ካጠበው በኋላ እኔ ሰኞ ሰኞ ሳስቀምጠው ሁልጊዜም እንዲህ ነው።»

«ታዲያ ለምን በአንድ በኩል ብቻ?»

ኤልሲ ትሪውን ከእጇ ተቀብላ፣ ውሃው እየተንጠባጠበ፣ ወደ ምድጃው ወሰደችው። በሩን ከፍታ ገፋ አደረገችው። እሳቱ ያለው በግራ በኩል ነው። ጥቁሩ ጎን እሳቱን ተጠግቶ ተቀመጠ፤ ነጩ ጎን ወደ ቀዝቃዛው ግድግዳ። የሙዳው ጫፍ የሚያርፍበት ቦታ እንኳ እንደ ጥላ ታትሞ ይታያል።

«ኖርማን ትሪውን አላዞረውም» አለች ፊሊፓ።

«አንድም ቀን አላዞረውም።» ኤልሲ በማድ ቤቱ ወንበር ላይ ቁጭ አለች። «የእኔ ጫፍ እሳቱ ጋ። የአንቺ እዚህ። ለዚህ ነዋ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲያባርረን የኖረው!»

«ከእኔ ጋር የወገነ ይመስለኝ ነበር።»

«እኔም ከእኔ ጋር።»

«ኤልሲ፣ ይኼ ሰውዬ አንዱን በሬ ለሁለታችንም ሸጦልናል።»

ኤልሲ ሳቀች። ሳቋ ከማሳል ብዙም አይለይም፤ ዘመኗን ሁሉ ያልተለማመደችው ነገር ነው። ሳቁ ሲያልቅ ግን ፊቷ እንደነበረ አልተመለሰም።

«የጮኽሽውን ሰምቻለሁ» አለች።

«አውቃለሁ።»

«እኔ ያልኩትን ግን አንቺ አልሰማሽም። በሆዴ ነው ያልኩት። ከአጥሩ በር ላይ ሽታው ሲደርሰኝ ‹እሰይ፣ ዛሬስ ለእኔ አደረገው› አልኩ። ወንድሜ ወንበሩ ላይ ሞቶ፣ እኔ ውጭ ቆሜ እሰይ አልኩ።» ረጃጅም እጆቿን አፈራርቃ አሸቻቸው። «ያንቺስ ጩኸት ብቻ ነው። በባሏ ላይ የማትጮህ ሚስት እኔ አላየሁም።»

ፊሊፓ በሽርጧ ፊቷን ሸፈነች። ኤልሲ አልተነሳችም፣ አላቀፈቻትም፤ ትሪውን ከምድጃው አውጥታ ማድረቅ ጀመረች፤ ለረጅም ጊዜ፣ ደርቆም እንኳ።

ሊመሽ ሲል፣ ለሻይ ሰዓት ገበታው ሲሰናዳ፣ ፊሊፓ የሸክላውን ሳህን ከጓዳው አወጣችው። ስቡ ረግቶ ነጭ ሆኗል፤ ከሥሩ ቡናማው መረቅ ተኝቷል። ወደ ጓሮው በር አመራች።

«የት ትወስጂዋለሽ?» አለች ኤልሲ።

«ለወፎቹ። ሁልጊዜ የምሰጣቸው አይደል? ኖርማንም ስሰጣቸው ማየት ይወድ ነበር። ሰኞ ጠዋት መስኮቱ ጋ ቆሞ…»

ኤልሲ ከዳቦው ላይ ዓይኗን አላነሳችም።

«ልጅ ሳለ» አለች ቀስ ብላ፣ «ዳቦ ላይ ይህን ስብ ቀብቶ፣ ጨው ነስንሶበት ነበር የሚበላው። እናታችን ከእሑድ የተረፈውን ሰኞ ሰኞ አታስቀርበትም። አንድ ጊዜ ተደብቆ ሳህኑን ሙሉ ጨርሶ ሁለት ቀን ታሟል። ማንም ሳይጠይቀው፣ ማንም ሳይሰጠው የሚበላው እሱን ብቻ ነበር።»

ፊሊፓ የበሩን እጀታ እንደያዘች ቀረች።

«ወፎቹን አልነበረም የሚያየው» አለች።

«እኔ ምን አውቃለሁ! ወፎቹንም ይሆናል።»

«ምነው አንቺስ አንድ ቀን ብትነግሪኝ?»

«ሚስቱ ነሻ! ታውቂያለሽ ብዬ ነው።» ኤልሲ ቢላዋውን አስቀመጠች። «ደግሞም አኩርፌ ነበር። መጀመሪያ አንቺን፤ ኋላ ልማድ ሆነና ቀረ።»

በዚያች ደቂቃ ፊሊፓን ካለፉት ቀናት ሁሉ ይልቅ ኖርማን ጎደለባት። ሳህኑን እንደያዘች ተመልሳ ከገበታው መካከል አስቀመጠችው። ኤልሲ ከዳቦው ሁለት ቁራጭ ቆረጠች፤ ስቡን ከሥሩ ካለው ቡናማ መረቅ ጋር እያወጣች ቀባች፤ በጣቶቿ ጨው ነሰነሰች።

ጂሊያን ስልኳን ይዛ ገባች። «ነገ በጠዋት ይደርሳል ብሏል። የላይኛውን ፎቅ ክፍሎች ዛሬ ብናጸዳ…»

«ጂሊያን፣ ተቀመጪ» አለች ፊሊፓ።

እናቷ እንዲህ ባለ ድምፅ የተናገረቻት ከልጅነቷ ወዲህ አልነበረምና ተቀመጠች።

«ለሰውዬው ደውዪና እንዳይመጣ ንገሪው። ብሪስቶል አልሄድም። ኤልሲም የትም አትሄድም። ይህ ቤት ሁለታችንም በሕይወት እስካለን አይሸጥም። ሐሙስ ከቀብሩ በኋላ ሰው ሁሉ እዚህ ነው የሚመጣው፤ ሥጋውን እኔና ኤልሲ እንሠራዋለን። አንዴ ከገባ በኋላ ማንም እንዳያዞረው።»

ጂሊያን አንዴ እናቷን፣ አንዴ አክስቷን አየች።

«እናንተ? ብቻችሁን? በሳምንቱ ትገዳደላላችሁ!»

«በሳምንቱ?» አለች ኤልሲ። «እኔ ለነገ ነበር ያሰብኩት።»

ሦስቱም የቢላዋ እጀታ መክተፊያውን ሲያንኳኳ የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር። ምንም አልተሰማም። ከሰሉ ብቻ በምድጃው ውስጥ አንድ ጊዜ ተንሸራተተ።

ፊሊፓ ዳቦዋን አነሳች። አንድ ጊዜ ገመጠች፤ ዓይኗን ጨፍና ለብዙ ጊዜ አላመጠች።

«ጨው ያንሰዋል» አለች።

ኤልሲ ለመከራከር አፏን ከፈተች። ከዚያም ዘጋችው፤ የጨው ዕቃውንም በሁለት ጣቷ ገፋ አድርጋ፣ በኖርማን ባዶ ቦታ ፊት አሳልፋ፣ ወደ ፊሊፓ አስጠጋችላት።